ስለ ሴት ብልት ፈሳሽ የነበረው አስተሳሰብና የንጽሕና ልማድ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የሴት ብልት የተፈጥሮ ፈሳሽ እንደ እድፍ ተቈጥሮ ያስከተለውን ጉዳት በታሪክ ማስረዳት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1892 ዓ.ም. ጀርመናዊው የማኅፀን ሐኪም አልበርት ዴደርላይን ስለዚሁ ፈሳሽ ያጠናውን መጽሐፍ አሳተመ። በጤነኛ ሴት ፈሳሽ ውስጥ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን ገለጸ። አሲዱ ወተትን አኮምጥጦ እርጎ የሚያደርገው ዓይነት ሲሆን ጎጂ ጀርሞች እንዳይራቡ ይከላከላል። እንግዲህ እድፍ የተባለው ነገር የሰውነት ዘበኛ ሆኖ ተገኘ።

ነገር ግን ይህ ዕውቀት ከየቤቱ ሳይደርስ ንግድ ቀደመው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በአሜሪካ ላይሶል የተባለው የቤትና የዕቃ ጀርም መግደያ ለሴቶች የውስጥ መታጠቢያ ይሆናል ተብሎ በመጽሔት ይነገርለት ነበር። ማስታወቂያው ባሏ የራቃትን ሚስት እያሳየ ጥፋቱን በእርሷ ንጽሕና ጕድለት ያላክክ ነበር። በዚህ መድኃኒት ታጥበው የተቃጠሉ፣ የሞቱም ሴቶች ነበሩ።

የዛሬ ሐኪሞች ምክር ቀላል ነው። የብልት ውስጥ ራሱን ስለሚያጸዳ ውጭውን በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል። ጥርት ወይም ነጣ ያለ፣ መጠኑም ከወር አበባ ጋር የሚለዋወጥ ፈሳሽ የጤንነት ነው። ማሳከክ፣ መጥፎ ሽታ ወይም የቀለም ለውጥ ቢታይ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

ኀፍረት ዕውቀትን ሲሸፍን ቦታውን ነጋዴ እንደሚይዘው ይህ ታሪክ ያስተምረናል።