የሰተን ሁ የራስ ቍርና የብረቱ ሐውልት

በእንግሊዝ አገር በስተምሥራቅ፣ በሳፎክ አውራጃ፣ ሰተን ሁ የሚባል የጥንት አንግሎ ሳክሶኖች የመቃብር ስፍራ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም.፣ በባለርስቷ በወይዘሮ ኢዲት ፕሪቲ ፈቃድ ጕብታው ሲቈፈር፣ የ27 ሜትር መርከብ አሻራ ከብዙ የመቃብር ንዋይ ጋር ተገለጠ። ዕንጨቱ ግን ፈጽሞ በስብሶ ነበር።

መቃብሩ የምሥራቅ አንግልያ ንጉሥ የሬድዋልድ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ይህ ንጉሥ ከተጠመቀ በኋላ በአንድ ቤተ ጣዖት ውስጥ ለክርስቶስም ለአጋንንትም መሠዊያ አቁሞ እንደ ነበረ መነኵሴው ቤዳ ጽፏል።

ከንዋዩ መካከል የብረት የራስ ቍር ከ500 በሚበልጥ ስብርባሪ ተገኘ። ጠቢባን በ1946፣ ዳግመኛም በ1971 ገጣጠሙት። በፊቱም ላይ የአንጥረኛው ረቂቅ ጥበብ ይታያል፤ ቅንድቡ ክንፍ፣ አፍንጫው አካል፣ ሪዙ ጅራት ሆኖ የሚበር ፍጥረት ይሠራል።

ወይዘሮዋ ንዋዩን ለብሪቲሽ ሙዚየም ስለ ሰጡ የራስ ቍሩ በሎንዶን ይኖራል፤ መቃብሩ ግን ባዶውን ቀረ። ስለዚህ በ2002 በስፍራው የጐብኝዎች አዳራሽ ሲከፈት፣ ቀራፂው ሪክ ከርቢ ያንኑ የራስ ቍር በብረት ሰሌዳ አግዝፎ ሠራው። ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ክብደቱ 900 ኪሎ ነው። ባለቅኔው ሼመስ ሂኒም መረቀው።

እንግዲህ ንዋይ ከስፍራው ቢርቅ፣ ስፍራው የራሱን ምስክር ይሻል። ለአንድ ንጉሥ ክብር ተሠርቶ ከምድር በታች የተሰወረው መልክ፣ ዛሬ በአደባባይ ለመጣው ሁሉ ከየት እንደ ወጣ ይናገራል።