ከጓሮ እንሰት እስከ ኮልፌ ቆጮ

የጅማ መንገድ በአየር ጤና ወጥቶ በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ ይገባልና፣ የጉራጌ አገር ለኮልፌ ቀራንዮ ሩቅ አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጉራጌ በምኒልክ መንግሥት ሥር ከዋለ ወዲህ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የፈለሰው ሰው ቆጮውንም ይዞ መጣ። ዛሬ በኮልፌ ክትፎ ቤቶች ቆጮ ብርቅ አይደለም። ዳሩ ግን ክትፎው ለብለብ ይሁን ወይስ ጥሬ ብሎ የሚጨነቅ ተመጋቢ ሞልቶ ሳለ፣ ቆጮው ከየትኛው የእንሰት ዓይነት እንደተሠራ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም።

ይህን ዝምታ አቅልዬ አላየውም። እንሰትን መብላት የተረሳበት ሥፍራ በአገራችን አለና። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ እንሰትን ከነሥዕሉ ገልጾታል። በጎንደር እንደሚበቅል፣ ከዓባይ ማዶ በሜጫ ደግሞ የነዋሪው ዋና ምግብ እንደነበረ ጽፏል። ተቀቅሎ በወተት ወይም በቅቤ ሲበላም እጅግ አድንቆታል። ዛሬ ግን በዚያ አገር ኮባ የሚፈለገው ለዳቦ መጋገሪያ ቅጠሉ ነው። ተክሉ አለ፤ ሙያው ግን የለም።

ሙያው እንዲህ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። እንሰት እንደ ጤፍ በዘር አይዘራም። ከሁለት እስከ አራት ዓመት የሆነው ተክል ግንዱ ይቆረጥና የጉቶው እምብርት ተፍቆ ከፍግ ጋር ይቀበራል። ከአንዱ ጉቶ በአሥር የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጥ ችግኝ ይፈላል። ችግኙ ከመደብ ወደ መደብ እየተዛወረ እስኪጎለምስ አምስት፣ ስድስት፣ በደጋም ከዚያ የበለጠ ዓመት ይፈጃል። ተከላው የወንዶች፣ ፍቀቱ የሴቶች ነው። ሴቶች ግንዱን በሳንቃ ላይ በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል። ቃጫው ለገመድ ይለያል፤ ከጭማቂው የዘቀጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል፤ የቀረው ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላል።

ጣዕሙ የሚወለደው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጥቂት ሳምንት የቆየው ለስለስ ይላል፤ ወራት ያስቆጠረው ኮምጣጣነቱም ሽታውም ይበረታል። ሙቀት ያፋጥነዋል፣ ብርድ ያዘገየዋል። የእንሰቱ ዓይነትም የራሱን ድርሻ ያዋጣል፤ ለቡላ የሚመረጠው ሌላ፣ ለቃጫ ሌላ፣ ተቀቅሎ ለሚበላው አሚቾ ሌላ ነው። በጉራጌ አስታራና ጓርየ ለአጥንት ስብራት መጠገኛ ይፈለጋሉ። በመላ አገሪቱ ስም ያላቸው ዓይነቶች በመቶዎች ይቆጠራሉ።

እንሰት ከጉቶ ስለሚራባ ልጁ የእናቱ ግልባጭ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ከጓሮ ጠፍቶ ከጎረቤትም ካልተገኘ፣ ስሙም ጣዕሙም አከተመ ማለት ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን የገለጹት የእንሰት አጠውልግ በሽታ እስከ ዛሬ ጓሮ ያራቁታል። እንሰት ደግሞ ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ኑሮ ነው።

እንግዲህ እኔ የምለው፣ ከክትፎው ጎን ቆጮ ሲቀርብልን የየት አገር እንደሆነ፣ ከየትኛው እንሰት እንደተፋቀ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተቀበረ እንጠይቅ። አብሳዩ ባያውቀው እንኳ፣ ጥያቄው ከተደጋገመ ለነጋዴው፣ ነጋዴውም ለምታቀርብለት ሴት ማድረሱ አይቀርም። በስሙ ተጠርቶ የሚፈለግ እንሰት የሚተክለው ሰው አያጣም።