ከመቃብር የተጠራ ሠራተኛ

ቡዳ በላው የተባለ ሰው ታሪክ በቀብሩ አያበቃም ነበር። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በመንዝ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ተመዘገበው፣ ቡዳው መቃብሩን በስውር ከፍቶ ሬሳውን ያወጣል፤ ነፍስ ዘርቶበትም ሰባት ዓመት በባርነት ያሠራዋል ተብሎ ይታመን ነበር።

በዓለም ሲኒማ ዞምቢ ተብሎ የታወቀው ተንቀሳቃሽ በድን ከዚህ እምነት ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ዞምቢ ወደ ሲኒማ የመጣው ከሄይቲ ነው። በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ዘመን በሸንኮራ እርሻ ላይ ሲማቅቅ ለኖረ ባሪያ ከሞት የከፋው ነገር ከሞት በኋላም ሥራ አለማቆም ነበር። አሜሪካ ሄይቲን በወታደር ይዛ በነበረችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1932፣ «ነጭ ዞምቢ» የተባለው ፊልም ወጣ። በዚህ ፊልም በድኖች የስኳር ፋብሪካውን ወፍጮ ሲያዞሩ ይታያሉ፤ አንዱ ተንሸራቶ ከወፍጮው ውስጥ ሲወድቅ ሌሎቹ ሥራቸውን አያቋርጡም።

ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» በተባለው ፊልሙ ጌታውን ከታሪኩ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረበው «የሙታን ንጋት» ደግሞ በድኖቹ ማንም ሳይነዳቸው፣ በሕይወት ሳሉ በለመዱት መሠረት ወደ ገበያ አዳራሽ ይጎርፋሉ። ጌታቸው ልማዳቸው ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ የሄይቲው ተረት ባሪያ በጌታው ላይ የመሠረተው ክስ ነው። በእኛ አገር ግን ከሳሹ ባለ ርስቱ ሲሆን፣ ተከሳሾቹ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔውና ፋቂው ነበሩ። ገበሬው ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ሙታንን ባሪያ ያደርጋል ብሎ ጠረጠረው። ነገር ግን ባርነት በ1934 ዓ.ም. በሕግ እስከ ተሻረ ድረስ ባሪያ ያሳድሩ የነበሩት በተለይ መኳንንቱና ባለጸጎቹ እንጂ፣ ርስት የተነፈገው ጠይብ አልነበረም። ኅብረተሰቡ የጌቶቹን በደል በእጅ ባለሙያው ጫንቃ ላይ ጫነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መሳደብን ከለከሉ፤ ባለሙያውን መሳደብ አገርን ባዶ ማድረግ መሆኑንም አስገነዘቡ። ይሁንና ለዘመናት ሥር የሰደደ ንቀት በአንድ ዐዋጅ የሚነቀል አልነበረም።

ዛሬ በዓለም ባንክ ሠፈር መንገድ ዳር የብረት በር የሚበይደው ወጣት የዚያ ጠይብ የሙያ ወራሽ ነው፤ መሐንዲሱም እንዲሁ። ልዩነቱ መሐንዲሱ በዲግሪው ከስድቡ ማምለጡ ነው። ስለሆነም የድሮው ክስ ዛሬ ተገልብጦ ሊቀርብበት ይችላል፤ በሥራ ቦታ ስሙ የማይጠራውን፣ ጓንትና የራስ መከላከያ ያልተሰጠውን የቀን ሠራተኛ እንደ በድን የሚያሠራው ማን ነው? ከ1932ቱ ፊልም የሚወሰደው ትምህርትም ከሙያው የራቀ አይደለም። ወፍጮውን፣ ሰው ሲወድቅበት እንዲቆም አድርጎ መንደፍ የመሐንዲሱ ሥራ ነው።