ኪያፕ፦ ጩኸት ወይስ ክተት?

ኢትዮጵያ በቶኪዮ 2020 ኦሎምፒክ የተወዳደረችበት ቴኳንዶ አንድ ቃል አስለምዶናል፤ «ኪያፕ»። ብዙዎቻችን «ጩኸት» እያልን እንፈታዋለን፤ ጉሮሮውን የሚሰነጥቅ ሰልጣኝ የበዛውም ለዚህ ይመስለኛል። በኮሪያኛ ግን «ኪ» የሕይወት ኃይል፣ እስትንፋስ ሲሆን «ሃፕ» ማሰባሰብ፣ ማዋሐድ ነው። ድምፁ ተከታይ እንጂ ዋናው ነገር አይደለም። ፑምሴ በሚባለው፣ እንቅስቃሴዎች በተወሰነ ቅደም ተከተል በሚሠሩበት ልምምድ፣ ምቱ ከክንድ አይጀምርም፤ ዳሌ ይዞራል፣ ክንድ ይከተላል፣ ምቱ ሲያርፍ ትንፋሽ አጠር ብሎ ይወጣል። የጋይንት እንጨት ፈላጭ ምሳሩን ሲያሳርፍ የሚላት «እህ!» ይህችው ትንፋሽ ናት፤ እሱን ማን ጮኸ ይለዋል? ለ«ኪ» የሚሆን ቃልም ከዚያው አናጣም፤ የላይ ጋይንቷ ከተማ ነፋስ መውጫ ትባል የለ? ነፋስ፣ ነፍስና እስትንፋስ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው። ለ«ሃፕ» ደግሞ «ከተተ» አለን፤ ሰብስቦ አስገባ ማለት ነው። የጦር ጥሪው «ክተት» የተባለውም የተበተነውን ኃይል በአንድ ስለሚያከማች ነው። ስለዚህ ኪያፕን «የትንፋሽ ክተት» ብንለው ያምርበታል። አሰልጣኞች ሆይ፣ «ጩኹ» ማለቱን ተዉትና «ትንፋሻችሁን ክተቱ» በሏቸው።