ካሣውና ደሙ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አበው። በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ን ለማስታወስ ስንነሣ፥ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ነገሩን ከባንክና ከሂሳብ መዝገብ በኩል ልንመለከተው ወደድን። የአገር መከራ በዚያም ተጽፎ ይገኛልና።

ከወረራው በፊት አገራችን የራሷ ባንክ ነበራት። በ1923 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ባንክ በድሬዳዋ፥ በሐረር፥ በደሴና በጎሬ፥ እንዲሁም ከጣና ሐይቃችን በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በደብረ ታቦር ቅርንጫፍ ነበረው። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ባንኩ ተዘጋ፤ የኢጣሊያ ባንኮች ገቡ፤ ሕዝቡም በሊሬ እንዲገበያይ ታዘዘ። ባላገሩ ግን ወረቀቱን አላምንም ብሎ ጠገራ ብሩን እንደ ያዘ ቀረ።

በዓመቱ የባሰው መጣ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በወረወሩ ጊዜ፥ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ሦስት ቀን ሙሉ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ዘመቱ። ሽማግሌ፥ ሴት፥ ሕፃን ሳይለዩ ገደሉ፤ ቤቱንም ከነሰዉ አቃጠሉ።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራውን ጀመረ። መንግሥትም የጉዳቱን ሂሳብ ለፓሪስ የሰላም ጉባኤ አቀረበ። በዚያ መዝገብ በጦርነቱ የወደቁት 275,000፥ በየካቲቱ ጭፍጨፋ ያለቁት 30,000፥ መንደራቸው ጠፍቶ በችግር የሞቱት 300,000፥ ሌሎቹም ተደምረው በጠቅላላው 760,300 ነፍስ ተብሎ ሰፍሯል። የጠፉ 2,000 አብያተ ክርስቲያናትና 525,000 ቤቶችም ተቆጥረዋል። የተጠየቀው ካሣ 184,746,023 ፓውንድ ነበር። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. የተፈረመው ውል የወሰነው ግን 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ይኸውም ከተጠየቀው ከ30 አንድ እጅ ያህል መሆኑ ነው።

ከኢጣሊያ በተገኘው ካሣ የቆቃ ግድብ ተሠራ። በ1950ዎቹ መጀመሪያም በዚሁ በሐይቁ ዳር የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። ስንቱ ቤተሰብ በዚያ ደመወዝ እንጀራ በላ! ስንቱስ ልጅ ደብተር ገዝቶ ተማረ! ከእኛ መካከልም አያቶቻቸው በዚያ የሠሩ አሉ። ታዲያ የፈትሉን ድምፅ እየሰሙ ካደጉት ልጆች፥ ገንዘቡ ከምን እንደ መጣ የሚያውቁት ስንቶቹ ናቸው?

በሂሳብ ትምህርታችን ዕዳ ሲከፈል መዝገቡ ይዘጋል ብለን ተምረናል። የግድቡና የፋብሪካው ዋጋ ተተምኖ ተከፍሏል። የሟቾቹን ነፍስ የሚተምን ባንክ ግን የለም፤ ስለዚህ ያ ገጽ አይዘጋም። ይህን የምንለው ቂም ለመቋጠር አይደለም። የበላነው እንጀራ በማን ደም እንደ ተገኘ አውቀን፥ በትምህርታችንና በሥራችን አገራችንን እንድናገለግል ነው። የእኛ ድርሻ ይህ ነው፤ ወደ ፊት ለሚተኩን ታናናሾቻችንም አደራችን ይኸው ነው።