የቆዩ ተሽከርካሪዎች የፊት መብራትና የኤሌክትሪክ ብልሽት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያመራው ዋና መንገድ የጉማራንና የርብን ወንዞች ተሻግሮ የፎገራን ሜዳ ያቋርጣል፤ ወረታ ላይ ደግሞ የደብረ ታቦር መንገድ ይገነጠላል። ቁሐር ሚካኤልን ጨምሮ በዚህ ሜዳ ላይ ባሉ ቀበሌዎች፣ ሲመሻሽ ከሩዝ እርሻ የሚመለስ ገበሬ፣ ወደ በረት የሚነዳ ከብትና የፈረስ ጋሪ መንገዱን ከተሽከርካሪ ጋር ይጋራሉ። እነዚህን ከሩቅ ለይቶ ፍሬን ለመያዝ አሽከርካሪው ያለው የፊት መብራቱ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ የቆዩ መኪኖች በመንገድ ላይ የሚቆዩበት ዘመን ይበልጥ እንደሚረዝም ይጠበቃል።

መብራቱ የደበዘዘበት ባለንብረት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ከፍ ያለ ኃይል ያለው አምፖል ነው። ይህ መፍትሔ አይደለም። ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ 60 ዋት አምፖል 5 አምፔር ያህል ሲወስድ 100 ዋት የሆነው ከ8 አምፔር በላይ ይወስዳል። ለአነስተኛው የተዘረጋው አሮጌ ሽቦ፣ ማብሪያውና የአምፖሉ ሶኬት ይግላሉ፤ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ፊውዝ በተደጋጋሚ ሲቃጠልም በትልቅ ፊውዝ ወይም በሽቦ መተካት እሳት መጋበዝ ነው።

ምርመራው ከባትሪው ይጀምራል። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ተዳክሟል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መነበብ ይኖርበታል። ከዚህ በታች ከሆነ የዲናሞው ቺንጋ መላላቱ ወይም ዲናሞው ራሱ መታየት አለበት። ከ15 በላይ ከሆነ ደግሞ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል፤ አምፖል ቶሎ ቶሎ የሚቃጠልበት መኪና በዚህ ይጠረጠራል። በ24 ቮልት ለሚሠሩ የጭነት መኪኖች ቁጥሮቹ በእጥፍ ይታሰባሉ።

ባትሪውና ዲናሞው ደህና ሆነው መብራቱ ቀላ ብሎ ከደበዘዘ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው አካል ጋር በሚታሰረው ሽቦ ላይ ነው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ ብሎኑን ማጥበቅ ብቻውን መብራቱን ሊመልሰው ይችላል። መብራቱ በርቶ ሳለ በባትሪው ኔጋቲቭና በአምፖሉ የመመለሻ ሽቦ መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ከተነበበ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ተዳክሟል ማለት ነው። ኪሳራው ቀላል አይደለም፤ አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ቮልት በአሥር በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የአንዳንድ የቆዩ ቶዮታ መኪኖች አሠራር ነው። አጭሩንና ረጅሙን መብራት የሚለየው ማብሪያ የሚቆርጠው ኔጋቲቩን በመሆኑ፣ ሽቦው ፖዘቲቭ ነው ብሎ የሚጀምር ባለሙያ ደህናውን ክፍል ሊፈታ ይችላል። አጭሩ ጠፍቶ ረጅሙ ከበራ ከአምፖሉ ቀጥሎ የሚመረመረው ይኸው ማብሪያ ነው።

በክረምት ጎርፍ የተሻገረ መኪና፣ ውሃው ወለሉን ካለፈ ሞተሩ ሳይነሣ አስቀድሞ የባትሪው ኔጋቲቭ ሊነቀል ይገባል። ማገናኛዎቹ ተከፍተው ካልደረቁ ዝገቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ፣ ምናልባትም ሌሊት መንገድ ላይ ነው።

ከጃፓን የመጣ ያገለገለ የፊት መብራት ሲገዛም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጃፓን በግራ የምትነዳ አገር ስለሆነች አጭሩ መብራት ወደ ግራ ከፍ ብሎ ያበራል፤ በኢትዮጵያ መንገድ ይህ በቀጥታ ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ይመታል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ ሲመረመሩ መብራትም ስለሚታይ፣ አቅጣጫውን አስቀድሞ ማስተካከል ባለንብረቱን ከመመላለስ ያድነዋል።

መብራቱ በጉዞ ላይ ድንገት ከጠፋ አሽከርካሪው ሁለቱንም ፍሬቻ አብርቶ ከአስፋልቱ ይወጣል፤ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ አኑሮ ፊውዙን ይመለከታል። ካልተገኘለት ጉዞው የሚቀጥለው ሲነጋ ነው።