ወተትን መተው ማንን ይጠቅማል፣ ማንንስ ይጎዳል?

“ወተት አይስማማኝም” የሚል ሰው በየቤቱ አይጠፋም። አንዱ ሆዱን ስለሚነፋው፣ ሌላው ክብደት ለመቀነስ ሲል፣ ሌላው ደግሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ያየውን ምክር ተከትሎ ወተትን፣ እርጎን፣ አይብንና ቅቤን ከገበታው ያነሣል። ውሳኔው ለአንዳንዱ እውነተኛ እፎይታ ነው። ለአንዳንዱ ብዙም ለውጥ የማያመጣ ድካም ይሆናል። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር እናት ግን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ወተቱ የተተወበት ምክንያትና በምትኩ የሚበላው ምግብ ናቸው።

ሆድ ወተትን ለምን አይቀበልም?

ወተት ላክቶስ የሚባል ተፈጥሯዊ ስኳር አለው። በሩብ ሊትር የላም ወተት ውስጥ 12 ግራም ገደማ ይገኛል። ይህ ስኳር ወደ ደም ከመግባቱ በፊት በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ላክቴዝ በተባለ ኢንዛይም ለሁለት መከፈል አለበት። ሕፃናት ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ኢንዛይም በብዛት ያመርታሉ፤ ጡት ካቆሙ በኋላ ግን በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዘንድ ምርቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ላክቶስን እንደሚገባ መፍጨት እንደማይችሉ ይገመታል። ስለዚህ ነገሩ በሽታ ከሚባል ይልቅ የተፈጥሮ ልዩነት ቢባል ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ለረጅም ዘመን ከብትና ግመል ሲያረቡ በኖሩ ሕዝቦች መካከል ኢንዛይሙ ዕድሜ ልክ እንዲመረት የሚያደርግ የዘረመል ለውጥ ተስፋፍቷል። በምሥራቅ አፍሪካ አርብቶ አደሮች ዘንድ የተገኙት ለውጦች በአውሮፓውያን ዘንድ ከታወቀው የተለዩ ናቸው፤ በኢትዮጵያም ከአንድ በላይ ዓይነት ተገኝቷል። በአንድ መንደር፣ አልፎም በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንዱ ወተት እስኪጠግብ ሲጠጣ የሌላው ሆድ በግማሽ ብርጭቆ የሚነፋው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ያልተፈጨው ላክቶስ ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ጋዝ ይፈጠራል፤ ውኃም ወደ አንጀት ይሳባል። ወተት ከተጠጣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሆድ መነፋት፣ መንጓጓት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ የሚከተሉት በዚህ ምክንያት ነው። ስሜቱ የሚያስቸግር ቢሆንም አንጀትን አያቆስልም። ትኩሳት፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለ ግን ጥፋቱን በወተት ላይ ጥሎ መቀመጥ አይገባም፤ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ጃርዲያን የመሰሉ ጥገኛ ተዋሲያን የትንሹን አንጀት ግድግዳ ሲጎዱም ላክቴዝ ለጊዜው ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ሰው ታክሞ አንጀቱ ሲያገግም፣ ከሳምንታት በኋላ፣ ወተት መልሶ ሊስማማው ይችላል። በአንድ ወቅት ሕመም የተነሣ ዕድሜ ልኩን ወተት የራቀ ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

የወተት አለርጂ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። አለርጂ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በወተት ፕሮቲን ላይ የሚያስነሣው ቁጣ ሲሆን፣ በብዛት የሚታየው በሕፃናት ላይ ነው። የቆዳ ሽፍታ፣ የከንፈርና የፊት እብጠት፣ ትውከት፣ ሲብስም የመተንፈስ ችግር ያስከትላል። አለርጂ ያለበት ሕፃን በጥቂት ወተት እንኳ ሊጎዳ ስለሚችል “ቀስ በቀስ ይለምደዋል” ተብሎ በቤት ውስጥ ሙከራ አይደረግበትም። ብዙዎቹ ሕፃናት ሲያድጉ ይተዋቸዋል፤ መተዉን የሚያረጋግጠው ግን ሐኪም ነው።

ሁሉንም መተው ያስፈልጋል?

ላክቶስ የማይስማማው ሰው ብዙውን ጊዜ የወተት ተዋጽኦን በሙሉ መተው አይጠበቅበትም። አብዛኞቹ አንድ ብርጭቆ ያህል ወተት ከምግብ ጋር ቀስ ብለው ቢጠጡ ብዙም አይታወኩም። እርጎ ደግሞ ከወተት ይቀልላል፤ ወተቱን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ ከፊሉን አስቀድመው ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታልና።

በአርሶ አደሩ ቤት ያለው የወተት አያያዝ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። ወተቱ ከረጋ በኋላ ተንጦ ቅቤው ይወጣል። የቀረው አሬራ በእሳት ሞቅ ሲደረግ አይቡ ይሰበሰባል፤ አጓቱም ይቀራል። ላክቶስ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል፤ አይብ ለሆድ የሚቀልለው ለዚህ ነው። የተነጠረ ቅቤም ላክቶስ የለውም ማለት ይቻላል።

አንድ ልብ የሚባል ነገር ግን አለ። ጎምዝዞ በሚሠራ አይብ ውስጥ ካልሲየሙም ከላክቶሱ ጋር በብዛት ወደ አጓቱ ይወርዳል። አይብ ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ ቢሆንም በካልሲየም ወተትንና እርጎን አይተካም። አጓቱን ለጥጃ ወይም ለውሻ የሚያፈስስ ቤተሰብ ሳያውቀው ካልሲየሙንም አብሮ ያፈስሳል። ቅቤም ቢሆን ስብ እንጂ ካልሲየም አይሰጥም። አሬራ ግን ቅቤው ቢወጣለትም ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ከእርሱ ጋር ይቆያሉ። እንደ ተራ ነገር የሚታየው አሬራ በምግብነቱ ገበያ ከሚወጣው ቅቤ የሚያንስ አይደለም።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ሙከራ

የላክቶስ አለመስማማትን በትንፋሽ የሚለይ ምርመራ አለ። አለርጂ የሌለበት ጤነኛ አዋቂ ግን በቤቱም ቢሆን መለየት ይችላል። መንገዱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ወተትና የወተት ተዋጽኦን ማቆም፣ የሆድን ሁኔታ በማስታወሻ መያዝ፣ ከዚያም ወተትን መልሶ መጀመር ነው። ብዙ ሰው የሚዘልለው የመጨረሻውን ደረጃ ነው። ወተት ሲያቆም የተሻለው ሰው ጉዳዩ አበቃ ይላል፤ ነገር ግን በዚያው ሰሞን ስኳር፣ ማኪያቶ ወይም ቅባት የበዛበት ምግብም ቀንሶ ሊሆን ይችላል። መልሶ ሳይሞክሩ ምክንያቱን መለየት አይቻልም።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያኖች ይህን ሙከራ በየዓመቱ ሳያስቡት ያካሂዳሉ። ዓቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ችግሩ ያለው በፋሲካ ማለዳ ነው። ዶሮ ወጡ፣ ቅቤው፣ ሥጋው፣ አይቡና ጠላው ለሁለት ወር ገደማ ባረፈ ሆድ ውስጥ በአንድ ላይ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ሆድ ቢታወክ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ ማን ሊለይ ይችላል? ወተትን ለይቶ መፈተን የፈለገ ሰው የበዓሉ ግርግር ካለፈ በኋላ አንድ ቀን መርጦ፣ ሌላ ምግብ ሳይቀላቅል፣ በደንብ የፈላ አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጥቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ይጠብቅ። በሌላ ቀን ያንኑ በእርጎ ይድገመው። ጾሙ የማይመለከተው ሰውም በመረጠው ጊዜ እንዲሁ ማድረግ ይችላል።

ወተት መተው ክብደት ይቀንሳል?

ወተትን መተው በራሱ ክብደት አይቀንስም። ሩብ ሊትር ቅቤው ያልወጣለት ወተት 150 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ኃይልና 8 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ያጠግባል። ሰውየው ወተቱን ትቶ በምትኩ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ቢጠጣ ከ30 ግራም ያላነሰ ስኳር ወስዶ ከወተቱ ጋር የተቀራረበ ኃይል ያገኛል፤ ፕሮቲንና ካልሲየም ግን አያገኝም።

ቅቤ ሌላ ጉዳይ ነው። 100 ግራም ቅቤ ከ700 ኪሎ ካሎሪ በላይ፣ የተነጠረው ደግሞ 900 ገደማ አለው። ክብደት መቀነስ የሚሻ ሰው ከወተቱ በፊት በወጡ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅቤ ቢያይ ይሻለዋል። ይህ ሲባል ግን ዘይት ነጻ ይወጣል ማለት አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው፤ በዚህ ከተነጠረ ቅቤ ጋር እኩያ ነው። በጾም ወራት ክብደታቸው አልቀነስ ብሎ የሚገረሙ ሰዎች መልሱን በዘይት ማሰሮው ውስጥ ያገኙታል። በዘይት የራሰ ሽሮ፣ ፓስቲና ሳምቡሳ የወተት ጠብታ ባይነካቸውም ወገብን ያሰፋሉ።

የተተወው ምን ይተካዋል?

ወተት የሚተው አዋቂ በዋናነት ካልሲየምን፣ ቫይታሚን ቢ 12ንና ፕሮቲንን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው የካልሲየም መጠን በቀን 1000 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ሩብ ሊትር ወተት ከዚህ 300 ያህሉን ይሸፍናል።

እዚህ ላይ የአገራችን ገበታ ዕድለኛ ነው። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም አለ፤ ይህም ከስንዴና ከበቆሎ በብዙ ይበልጣል። ሊጡ ሲቦካም ማዕድናት ወደ ሰውነት እንዳይገቡ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ጎመን ሌላው አለኝታ ነው፤ በውስጡ ያለውን ካልሲየም ሰውነት ከወተት ባልተናነሰ ይወስደዋል። ቆስጣ ግን ከጎመን ጋር በአንድ ዓይን መታየት የለበትም። ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ካልሲየሙ ተይዞ ይቀራል፤ ለካልሲየም ሲባል ምርጫው ጎመን ነው። የሑመራና የመተማ ሰሊጥም በካልሲየም ይታወቃል፤ ነገር ግን አብዛኛው ያለው በቅርፊቱ ላይ ነው፤ ሲላጥ ይቀንሳል፤ ከነቅርፊቱ ሲበላም ሰውነት ሁሉንም አይወስደውም።

ፕሮቲን ከባቄላ፣ ከሽምብራ፣ ከምስርና ከአተር ይገኛል። ቢ 12 ግን ከእህልም ከአትክልትም አይገኝም። ወተት ትቶ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ሥጋ የሚበላ ሰው አይቸገርም። በጾም ወራት ከእንስሳት ተዋጽኦ ሁሉ የሚታቀብ፣ በፍስክም ወተትና እንቁላል የማይነካ ሰው ግን ከዓመታት በኋላ በደም ማነስ፣ በድካም ወይም በእጅና በእግር መደንዘዝ ሊገለጥበት ይችላል። ጉበት ያከማቸው ክምችት ቀስ እያለ የሚያልቅ በመሆኑ ችግሩ ዘግይቶ ይታያል።

በከተማ ሱቆች የሚሸጡት የአልሞንድና የአጃ “ወተቶች” ነጭ ስለሆኑ ብቻ ወተት አይደሉም። ካልሲየም ካልተጨመረባቸው ትንሽ ነው ያላቸው፤ ፕሮቲናቸውም ዝቅተኛ ነው። በፕሮቲን ወተትን የሚቀርበው የአኩሪ አተር ነው፤ በቤት የሚያዘጋጅ ሰው በደንብ ማፍላት አለበት፤ ጥሬው አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ንጥረ ነገር ይዟልና። የእኛው ሱፍና ተልባ ለጾም ቁርስ መልካም ናቸው፤ በወተት ምትክነት ግን አይቆጠሩም።

ወተት ሊነፈጋቸው የማይገባ

በ2011 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም የተፈረመው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም ለማስቀረት ግብ የያዘ ነው። በዚህ አገር የአዋቂን የአመጋገብ ምርጫ በሕፃን ላይ መጫን ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ከጡት ጋር እንቁላል፣ ወተትና ሌላም የእንስሳት ተዋጽኦ ያስፈልገዋል።

ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን አታስጾምም። እንዲህም ሆኖ በጾም ወራት ሕፃኑ ወተት የሚያጣበት ቤት አለ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጭካኔ አይደለም፤ እናቲቱ የጾም ዕቃዋ በፍስክ ምግብ እንዳይነካካ ትሠጋለች። ለልጁ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ኩባያና አንድ ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ችግሩን ይፈታዋል። ወተቱን በሙሉ ለገበያ የሚያወጣ ቤተሰብም ከመሸጡ በፊት የልጁን ድርሻ ቢያስቀር የሚያጎድለው ጥቂት ብር ነው። በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ወተቱና እንቁላሉ ገበያ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሌማት ላይም እንዲደርስ ያለመ ነው።

ነፍሰ ጡር እናትም ያለ ሐኪም ምክር ወተት ባታቆም ይመረጣል። በእርግዝና ወቅት የካልሲየም እጥረት ከደም ግፊት ጋር ለተያያዘው አደገኛ የእርግዝና ሕመም ያጋልጣል።

የወተቱ ደኅንነት

ወተትን በሽታ ፈርተው የሚተዉም አሉ። ሥጋታቸው መሠረት አለው፤ መፍትሔው ግን ሌላ ነው። ጥሬ ወተት ከብት የሚያስወርደውን ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ወተቱን ማፍላት ሁለቱንም ይከላከላል። ማርጋት ብቻውን ግን ጀርሞቹን ሁሉ አይገድልም። እርጎ የሚወድ ቤተሰብ ወተቱን አፍልቶ ለብ ሲል አንድ ሁለት ማንኪያ እርጎ ጨምሮ ቢያረጋው ጣዕሙንም ጤናውንም ያገኛል፤ እርሾ የሚሆነው እርጎ ራሱ ከፈላ ወተት የተሠራ መሆን አለበት።

በማፍላት የማይጠፋ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም አፍላቶክሲን ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በተሰበሰበ ወተት ላይ ከዐሥር ዓመት ገደማ በፊት የተደረገ ምርመራ ይህን የሻጋታ መርዝ አግኝቷል፤ ዋነኛ ምንጩም ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ላሟ የበላችው መርዝ ከፊሉ በወተቷ ይወጣል። ስለዚህ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከመኖ ማከማቻው ነው። ፋጉሎ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ዝናብና እርጥበት በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ፤ በአንድ ጊዜም ብዙ ከመግዛት ቶሎ የሚያልቀውን ያህል መግዛት ይመረጣል። የሻገተ፣ ቀለሙ የተለወጠ ወይም ሽታው የተበላሸ ፋጉሎ ርካሽ ቢሆንም ለምታልብ ላም አይሰጥም።